ሩጫው ያንዱ፣ ምስጢሩ የብዙዎች

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ላይ ስትራቫ የተባለው የስፖርተኞች መተግበሪያ ደንበኞቹ የሮጡበትንና ብስክሌት የነዱበትን መንገድ አሰባስቦ የዓለም ካርታ ሠራ። ብዙ እግር የተመላለሰበት ጎዳና ደምቆ ያበራል፤ ያልተሮጠበት ጨለማ ነው። የማንም ስም አልተጻፈበትም።

በቀጣዩ ዓመት በጥር ወር አንድ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲያገላብጥ በሶርያና በአፍጋኒስታን ምድረ በዳ መሀል የሚያበሩ መስመሮች አየ። ወታደሮች ነበሩ። እጃቸው ላይ ያሰሩት ሰዓት ሩጫቸውን ይመዘግባል፤ ስልካቸው ላይ ያለው መተግበሪያ ደግሞ መዝገቡን ለኩባንያው ያቀብላል። በአካባቢው ሌላ ተጠቃሚ ስለሌለ የጦር ሰፈሩ ዙሪያ በጨለማው ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ፔንታጎን በዚያው ዓመት በግዳጅ ቀጣና ያሉ ወታደሮቹ አካባቢ ጠቋሚ መሣሪያዎችን እንዳይጠቀሙ ከለከለ።

ስም ከሌለበት ምን ችግር አለው? አንድ ሰው ብቻውን የሚመላለስበት መንገድ ስም አያስፈልገውም። በየማለዳው ከደጁ ተነስቶ እዚያው ሲያበቃ ቤቱን በራሱ እግር እያመለከተ ነው።

ትምህርቱ ግን ብዙም አልዘለቀም። በ2024 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ የጆ ባይደንንና የኢማኑኤል ማክሮንን ጠባቂዎች ሩጫ በዚሁ መተግበሪያ ተከታተለ። ማክሮን በ2021 ሆንፍለር በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ያሳለፉት የግል የዕረፍት ጊዜ በይፋዊ መርሐ ግብራቸው ላይ አልነበረም፤ የጠባቂዎቻቸው የሩጫ መዝገብ ግን ቦታውን አሳበቀ። «እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚል ሰው ይህን ቢያስብ ደግ ነው፤ የሚገለጠው የእርሱ ጓዳ ብቻ አይደለምና።

የተጠቃሚው ድርሻ ከባድ አይደለም። ሩጫውን ማን እንደሚያይ መወሰን፣ መነሻና መድረሻውን መሸፈን፣ ከጋራ ካርታው መውጣት ይችላል። ችግሩ መተግበሪያው ሲጫን ጀምሮ በሩ ክፍት መሆኑ ነው፤ መዝጋቱ ለደንበኛው የተተወ ሥራ ነው። ይህ ለኩባንያው እጅግ የሚመች አሠራር ነው።

ደንበኛው ምንም ቢጠነቀቅ የማያድነውም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 ሪንግ የተባለውን የቤት ካሜራ አምራች የከሰሰው ሠራተኞቹ የደንበኞችን ቪዲዮ እንዳሻቸው እንዲያዩ ፈቅዷል ብሎ ነው። በክሱ መሠረት አንድ ሠራተኛ በሴቶች መኝታና መታጠቢያ ክፍል የተቀረጹ በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎችን ተመልክቷል። እነዚያ ሴቶች የይለፍ ቃላቸውን ቢያጠብቁም አይጠቅማቸውም ነበር፤ የሚያየው የውስጥ ሰው ነው። ኩባንያው በክሱ ባይስማማም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እንዲህ ባለው ጊዜ የሚያስፈልገው ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።