የክትር አገልግሎት በኢንዱስትሪ

ክትር የሚለው ስም «ከተረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ገበሬው ማሳውን ለማጠጣት ጅረትን በድንጋይና በጭቃ ሲያግድ ከተረ ይባላል። በኢንዱስትሪ ውስጥም ይህን የሚመስል ሥራ አለ፤ ነዳጅ፣ አሲድ ወይም ሌላ ፈሳሽ በሚጠራቀምባቸው ታላላቅ ታንከሮች ዙሪያ የአፈር ካብ ወይም የኮንክሪት ግንብ ይሠራል። ሆኖም የገበሬው ክትር የሚጠቅመው ሲሞላ ሲሆን፣ የኢንዱስትሪው ክትር የሚጠቅመው ባዶ ሆኖ ሲጠብቅ ነው። ለዓመታት ሥራ ፈትቶ የሚታይ በመሆኑም ሰዎች በቀላሉ ይዘነጉታል።

የክትሩ መጠን የሚወሰነው በስሌት ነው። በብሪታንያ የተለመደው መመሪያ፣ ክትሩ በውስጡ ካሉት ታንከሮች ትልቁ የሚይዘውን ፈሳሽ 110 በመቶ ማገድ እንዲችል ይጠይቃል። ለምሳሌ ያህል፣ ታንከሩ 1,000 ሜትር ኩብ ናፍጣ የሚይዝ ከሆነ ክትሩ 1,100 ሜትር ኩብ መያዝ ይኖርበታል። የወለሉ ስፋት 25 ሜትር በ40 ሜትር ቢሆን፣ የግንቡ ቁመት ከ1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ሊያንስ አይገባም ማለት ነው። ትርፉ 10 በመቶ ለዝናብ ውሃና እሳት ለማጥፋት ለሚረጨው አረፋ የተተወ ቦታ ነው።

ዝናብ ግን ከዚህ የባሰ ችግር ያስከትላል። ክትሩ ጣሪያ የሌለው በመሆኑ ውሃ ያቁራል፤ ውሃው ካልወጣ ደግሞ ለነዳጁ ቦታ አይኖርም። ስለዚህ በግንቡ ሥር መዝጊያ ያለው ማስወጫ ቧንቧ ይደረጋል። ሠራተኛው በውሃው ላይ ዘይት አለመንሳፈፉን ተመልክቶ ያፈሰዋል፤ ወዲያውም መልሶ ይዘጋል። መዝጋቱን የረሳ እንደሆነ ግንቡ ለዓይን ሙሉ ሆኖ ይታያል እንጂ ክትርነቱ ቀርቷል። የኮንክሪት መጋጠሚያዎችና ለቧንቧ ማሳለፊያ የተበሱ ቀዳዳዎችም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 11 ቀን 2005 በእንግሊዝ አገር በበንስፊልድ የነዳጅ ዴፖ አንድ የቤንዚን ታንከር ሞልቶ በመፍሰሱ ከባድ ፍንዳታና ቃጠሎ ደረሰ። ነዳጁና እሳቱ የጠፋበት ውሃ ከክትሮቹ ያመለጡት በእነዚሁ መጋጠሚያዎችና ቀዳዳዎች በኩል ነበር፤ ከመሬት በታች ያለው ውሃም ተበከለ።

ሌላም ጉድለት አለ። ስሌቱ ፈሳሹ ረግቶ እንደሚተኛ ይገምታል፤ ታንከር በድንገት ሲፈነዳ ግን ፈሳሹ ማዕበል ሆኖ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2 ቀን 1988 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፣ ፍሎሬፍ በተባለ ስፍራ፣ 3.8 ሚሊዮን ጋሎን ናፍጣ የያዘ ታንከር ተሰነጠቀ። ናፍጣው ክትሩን ዘሎ፣ የጎረቤቱን ግቢ አቋርጦ፣ ክዳን ባልነበረው የዝናብ ውሃ መውረጃ በኩል ሞኖንጋሂላ ወንዝ ገባ። በሦስት ክፍላተ ሀገር ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የሚቀርበው የመጠጥ ውሃ ምንጭ ተበከለ። ሩቅ ሆኖ የሚታይ አንድ የቱቦ አፍ ይህን ያህል ዋጋ አስከፈለ።

ክትር የሚያስፈልገው ለነዳጅ ብቻ አይደለም። ወተት እንኳ ወንዝ ውስጥ በብዛት ሲፈስ ደቂቅ ሕዋሳት እርሱን ለመበላት በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታልና ዓሣዎች ታፍነው ይሞታሉ። ውሃ በሚጣራበት ጣቢያ ደግሞ በረኪናና አሲድ በአንድ ክትር ውስጥ አይቀመጡም፤ ቢደባለቁ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣቸዋልና። በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ሥር ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ይዘጋጃል፤ የሚፈሰው ዘይት በጠጠሩ መካከል ሲሰርግ ይቀዘቅዛል፣ ነበልባሉም ይዳከማል።

የመጋዘኖች ጉዳይ ዘግይቶ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1 ቀን 1986 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ፣ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የረጩት ውሃ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒቶችን ጠርጎ ራይን ወንዝ ውስጥ ከተታቸው፤ ወንዙ ቀላ፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይም ዓሣ አለቀ። ጉዳቱን ወደ ወንዙ ያደረሰው እሳቱን ያጠፋው ውሃ ነበር፤ የሚያቁረው ገንዳ አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያሉ መጋዘኖች የእሳት ማጥፊያ ውሃን የሚይዙ ገንዳዎች ይሠሩ ጀመር።

ፈሳሹ አምልጦ ውሃ ላይ ከደረሰ የሚቀረው ተንሳፋፊ ክትር ነው። ይህም ከላይ የሚንሳፈፍ ቱቦ፣ ከታች ደግሞ በሰንሰለት ክብደት ቀጥ ብሎ የሚሰጥም ሸራ ያለው ረጅም አጥር ነው። ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል በአጥሩ ይታገዳል። ወራጁ ውሃ በሰከንድ ከ35 ሳንቲ ሜትር በላይ እየፈጠነ አጥሩን ፊት ለፊት ከገፋው ግን ነዳጁ በሸራው ሥር ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር በቀጥታ አይዘረጉትም፤ ሰያፍ ያደርጉታል። ነዳጁም አጥሩን ተከትሎ ውሃው ወደሚረጋበት ዳርቻ ይሄዳል፤ በዚያም በፓምፕ ይመጠጣል።