ቢጫው ቁጥር

ታኮማ ማደያ ገብቶ ቤንዚን የሚቀዳ ሐበሻ ሾፌር ሦስት ቁልፎች ይጠብቁታል፤ በላያቸው በቢጫ መደብ ላይ በጥቁር ቀለም ብዙውን ጊዜ 87፣ 89፣ 92 ተጽፏል። ሳምንቱን ሙሉ ከሲታክ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ የከረመው ሾፌር ቅዳሜ ላይ ለካምሪው ያዝንና «ዛሬስ ትፈስክ» ብሎ 92ቱን ይጫናል። ደግነቱ ያስመሰግናል። መኪናዋ ግን ድሮም አልጾመችም።

ቁጥሩ ኦክቴን ይባላል፤ የቤንዚን ትዕግሥት መለኪያ ነው። ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን ጨምቆ ካንዴላው እሳት ሲጭር፣ ነበልባሉ በሥርዓት እየተዳረሰ መሄድ አለበት። ትዕግሥት ያነሰው ቤንዚን ነበልባሉ ሳይደርስበት ከሙቀቱና ከግፊቱ ብዛት በራሱ ይቀጣጠላል፤ መካኒኮች «ሞተሩ ያንኳኳል» የሚሉት ይህንን ነው። አጥብቆ የሚጨምቅ ወይም ቱርቦ ያለው ሞተር ታጋሽ ቤንዚን ይፈልጋል፤ መመሪያው ካዘዘ 92 መቅዳት ብክነት አይደለም። ለ87 የተሠራ ሞተር ግን ያንን ሁሉ ትዕግሥት የሚያውልበት ቦታ የለውም፤ 92ቱም ተጨማሪ ጉልበት አልያዘም። (አየሩ በሳሳበት ደጋ ሞተር ብዙም ስለማያንኳኳ ዴንቨር አካባቢ 85 ይሸጣል። ታኮማ ግን ባሕር ዳር ናት።)

ታዲያ 92 ይሻላል የሚለው እምነት ከየት መጣ? ከማስታወቂያ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ኤክሶንን የከሰሰው 93 ኦክቴን ቤንዚኑ የጥገና ወጪ ይቀንሳል እያለ በማስተዋወቁ ነበር። በዓመቱ ኩባንያው ተስማማና፣ አብዛኞቹ መኪኖች በተራው ቤንዚን ደህና እንደሚሠሩ ራሱ በቴሌቪዥን ለመናገር ተገደደ። ቅጣቱ ጥሩ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር (ትሪፕል ኤ) በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች መኪናቸው ለማይፈልገው ፕሪሚየም በአንድ ዓመት ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አባክነዋል።

በጠርሙስ የሚሸጠው ጭማሪም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ስሊክ 50 የተባለው የሞተር ዘይት ጭማሪ፣ እሱ ከሌለ ሞተር በተነሣ ቁጥር ብረት ከብረት እንደሚፋጭ ያስፈራራ ነበር። ኮሚሽኑ ግን በመመሪያው መሠረት ዘይት የሚቀየርለት ሞተር በቂ መከላከያ አለው አለ፤ ጉዳዩ በ1997 ሲዘጋ ለገዢዎች የሚውል 10 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። «ነዳጅ ቆጣቢ» ዕቃዎችም አሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ100 በላይ የሚሆኑትን መርምሮ የረባ ቁጠባ የሚያመጣ አላገኘም። ከመሪው ሥር የሚሰኩት አንዳንዶቹ ሲፈቱ ከሚያበሩት መብራት በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለባቸውም።

አንድ እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ማጽጃው። አንድ ዓይነት ቤንዚን ስማቸው ለሚለያይ ማደያዎች ሊሄድ ይችላል፤ ጥቀርሻ የሚያጸዳው ኬሚካል የሚጨመረው ቦቴው ሲጫን ነው። «ቶፕ ቲር» የሚል ምልክት ያለው ማደያ ደግሞ ጥሩውን ማጽጃ በ87ቱም ላይ የመጨመር ግዴታ አለበት።

የካምሪዋ መመሪያ ስለ ኦክቴን የሚለው ጥቂት መስመር ነው። መጽሐፉ ጋቢና መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከነፕላስቲኩ።