«ነጠላ ቶሎ ይሄዳል»

አልዘጋ ያለኝ አንድ ፋይል አለ። ባለጉዳዩ ካርቱም፣ ጀሪፍ ዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። አምስት ሰዎች ተሰባስበው ስፖንሰር አደረጉትና በ2022 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ካናዳ ገባ። ፎርሙ «ያላገባ፣ ልጅ የሌለው» ይላል። ጀሪፍ ግን አብራው የምትኖር ሴትና ጡት ያልጣለ ልጃቸው ቀርተዋል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ሴትዮዋ ልጇን አዝላ በገዳሪፍ በኩል መተማ ገባች። እሱ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ አሁን ላስጽፋቸው?» አለኝ።

እኔ ያለ ክፍያ የማግዘው ስፖንሰር የሚሆኑትን ቡድኖች ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ ዕድር፣ አብሮ አደጎች። የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ጠበቆችን ለዚህ ሥራ ማሰባሰብ ሲጀምር ብዙዎቻችን የሚያስቸግረን የገንዘቡና የስደተኝነት ማረጋገጫው ጉዳይ መስሎን ነበር። እነሱም አያስቸግሩም አልልም። ፋይል የሚያበላሸው ግን በአብዛኛው ከጀሪፍ እስከ ቶሮንቶ ሰው ሁሉ የሚቀባበለው «ነጠላ ቶሎ ይሄዳል» የሚል ምክር ነው።

ምክሩ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጀሪፍ ላይ ፎርም የሚሞላው ሰው ይለዋል፤ ቀድሞ የሄደው ጓደኛ በስልክ ይለዋል። ይባስ ብሎ እዚህ ያለው ስፖንሰርም ይለዋል፤ ምክንያቱም ማሳየት ያለበት ገንዘብ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ከፍ ይላል፣ የተዋጣው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ከሻ፣ ማለትም የፖሊስ አፈሳ፣ ሲመጣ በር ዘግቶ የሚቀመጥ፣ ጓደኞቹ በሊቢያ በኩል ሲሄዱ እያየ የቀረ ሰው «ይፈጥናል» ከተባለ ምን አይፈርምም? እሱን ለመውቀስ አንደበት የለኝም። የሚያናድደኝ ወረፋውን የሚያስረዝመው የማመልከቻው ብዛት መሆኑን እያወቁ ሚስትን ከወረቀት ላይ ፍቀው ጊዜ ያተረፉ የሚመስላቸው ናቸው።

ሕጉ የሚለው ቀላል ነው። አብሮ የሚጓዘውም የማይጓዘውም ቤተሰብ ሁሉ ይጻፋል። ተጽፈው የቀሩ ሚስትና ልጆች ዋናው አመልካች ከገባ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከቱ በእሱው ፋይል ይከተሉታል፤ አዲስ ስፖንሰር አያስፈልጋቸውም። ያልተጻፉት ይህ በር ይዘጋባቸዋል። በኢሚግሬሽን ደንቡ አንቀጽ 117 መሠረት ደግሞ ሲገባ ያልተናገራቸውንና ያልተመረመሩትን ሰዎች በኋላ በቤተሰብነት ማምጣት ክልክል ነው። በሴፕቴምበር 2019 የወጣ ጊዜያዊ መመሪያ ስደተኛ ሆነው ለገቡ ሰዎች ይህን ክልከላ አላልቶታል፤ የጀሪፉ ሰውዬም ተስፋ እዚያው ላይ ነው። ነገር ግን ጊዜያዊ የተባለው ጊዜያዊ ስለሆነ ነው፤ እየተራዘመ ቢመጣም ዛሬ ፎርም የሚሞላ ሰው ነገ ይታዘንልኛል ብሎ ሊፈርም አይገባም። ሴትዮዋ መተማን ተሻግራ አገሯ ስለገባች በስደተኛነት ስፖንሰር ትሁን ማለትም አይቻልም፤ ለዚያ ከአገር ውጭ መሆን ግድ ነው።

«እኛ እኮ አልተፈራረምንም» የሚሉኝም አሉ። ሰርግ ባይኖር፣ ሽማግሌ ባይላክ፣ እንደ ባልና ሚስት አንድ ዓመት አብረው ከኖሩ በካናዳ ሕግ ቤተሰብ ናቸው። ጀሪፍ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ እሷ ሻይ እየሸጠች እሱ የቀን ሥራ እየሠራ ሦስት ዓመት የኖሩ ሰዎች «ነጠላ» ብለው ሲጽፉ ውሸት የጻፉ አይመስላቸውም። ጠያቂው መኮንን ግን በስደተኛ ምዝገባው ላይ ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ተመዝግበው ሊያገኛቸው ይችላል። በሐሰት መረጃ ከተወሰነበት የአምስት ዓመት እገዳ አለ፤ ቀሪው ታሪኩ እውነት ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሚያምነው አያገኝም።

ተቃራኒውም አለ፤ የእህትን ልጅ «ልጄ» ብሎ ማስገባት። ዲኤንኤ ሲጠየቅ የሚሆነውን መናገር አያስፈልገኝም። የሙት ልጅ በእውነት እያሳደጉ ከሆነ እንደዚያው ተብሎ ይጻፋል፤ የሚታይበት የራሱ መንገድ አለው።

ዕድሮቹ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው። ዕድር ውስጥ አዲስ አባል ሲመዘገብ ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት፣ አማት ሳይቀር በስም ተራ ተጠይቆ ይጻፋል፤ ያልተጻፈ ሰው ሲሞት ድንኳን እንደማይተከል ሁሉም ያውቃል። ይኸው ጸሐፊ የመንግሥት ፎርም ላይ ሲደርስ «የሰው ገመና ምን አገባኝ» ይላል። የሚፈርምበት ግዴታ እኮ የማይጓዙትንም ቤተሰቦች ይጨምራል! ደውሉለት። ከወረቀቱ በፊት «ማን አብሮህ ይኖራል? የምትረዳው ልጅ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ገንዘቡን ቁጠሩ። ካልበቃ ሌላ ማኅበር ጨምሩ።

የአምስት ሰዎች ቡድኖችን አዲስ ማመልከቻ መቀበል ከኖቬምበር 29 ቀን 2024 ጀምሮ ሲቆም ብዙ ቡድኖች «እንግዲህ ምን እንሠራለን?» ብለው ደወሉ። የገባውን ፋይል አውጥታችሁ እዩት። ካመለከተ በኋላ ያገባ፣ የወለደ ስንቱ ነው? ከካርቱም ሸሽቶ ፖርት ሱዳን ወይም ጁባ የገባ፣ አድራሻው እንኳ ያልተቀየረለትስ? ቪዛው ተመትቶ፣ ትኬቱ ተቆርጦም ቢሆን ልጅ ከተወለደ ከመሳፈር በፊት መናገር ግዴታ ነው።

«ጉዞዬ ይራዘምብኛል» ይላሉ። አዎ፣ ሊራዘም ይችላል፤ ልጁም ሜዲካል ማድረግ አለበት።