ተጽፈው ያልተደመጡ ሲምፎኒዎች

የተረሳ ልብ ወለድ ከመደርደሪያ ወርዶ ሊነበብ፣ የተረሳ ሥዕልም አቧራው ተራግፎ ሊታይ ይችላል። ሲምፎኒ ግን ሰባና ሰማንያ ሙዚቀኛ ተሰብስቦ እስኪጫወተው ድረስ ድምፅ የለውም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ከተደረሱት ሲምፎኒዎች፣ ኮንቼርቶዎችና ኳርቴቶች ብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተደምጠው ኖታቸው ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ከተኙበት የሚያነሷቸው በአብዛኛው ታላላቆቹ የኮንሰርት አዳራሾች ሳይሆኑ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚዎች ናቸው።

ሩት ጊፕስ ጥሩ ማሳያ ናት። በ1921 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ቤክስሂል ከተማ ተወለደች። ፒያኖና ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ትጫወት፣ ኦርኬስትራ ትመራ፣ ሙዚቃም ትደርስ ነበር። በ1942 ገና በሃያ አንድ ዓመቷ፣ አጭር የኦርኬስትራ ሥራዋ በለንደኑ የፕሮምስ የሙዚቃ ፌስቲቫል የመዝጊያ ምሽት ቀረበ። በሕይወት ዘመኗ አምስት ሲምፎኒ ጻፈች፤ በ1999 ስትሞት ግን ሰፊው አድማጭ ስሟን እንኳ አያውቅም ነበር። በ2018 ቻንዶስ የተባለው አሳታሚ ሁለተኛና አራተኛ ሲምፎኒዎቿን የቢቢሲ የዌልስ ብሔራዊ ኦርኬስትራ ተጫውቷቸው፣ ሩሞን ጋምባ መርቶት አወጣ። በ2022 ሦስተኛው ሲምፎኒ ተከተለ። ተረስታ የኖረችው ደራሲ በሁለት ሲዲ ብቻ ሲምፎኒዎቿን የሚያነጻጽርላትና የሚከራከርባት አድማጭ አገኘች።

ለመሆኑ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ያን ያህል ዘመን ዝም ያሉት ለምንድን ነው? ሥራዎቹ ደካማ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጊዜው ፋሽን ተለወጠ። በ1959 የቢቢሲ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ የሆነው ዊልያም ግሎክ ለአውሮፓ አዳዲስ የሙከራ ስልቶች በሩን በሰፊው ከፈተ። ግልጽ ዜማና የቆየውን የድምፆች ስምምነት የሙጥኝ ያሉ ደራስያን ያለፈበት ሥራ እንደሚሠሩ ተቆጠሩ። ሴት ለሆነችው ደራሲ ደግሞ መንገዱ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነበር።

የሚገርመው፣ በዚያው በ1959 ሪቻርድ ኢተር የተባለ ነጋዴ በእንግሊዝ በርንሃም በሚገኘው ቤቱ ሊሪታ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ በራሱ ገንዘብ መሠረተ። በፒያኖና በጥቂት ተጫዋቾች ሙዚቃ ጀምሮ በኋላ ወደ ኦርኬስትራ ተሻገረ፤ እንደ ኤድሪያን ቦልት ያሉ ስመ ጥር የኦርኬስትራ መሪዎችንም አሰለፈ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያልደፈሯቸውን ሥራዎች ሸክላ ላይ አኖረ። ብራያን ከዘንስ በ1979 ያቋቋመው ቻንዶስም በዚሁ መንገድ ገፋ።

ሥራው አድካሚ ነው። ኦርኬስትራው ጨርሶ ተጫውቶት የማያውቀውን ሙዚቃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተለማምዶ መቅዳት አለበት። አስቀድሞ የእያንዳንዱ ተጫዋች ኖታ ከደራሲው የእጅ ጽሑፍ ጋር ይመሳከራል፤ በድሮ ገልባጭ የተሳሳተች አንዲት ምልክት የብዙ ሰው ሰዓት ልታባክን ትችላለች። በቀረጻው ጊዜ ፕሮዲውሰሩ በሌላ ክፍል ኖታውን ዘርግቶ እያዳመጠ የተበላሸችውን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ ያቺ ቦታ ብቻ ትደገማለች፤ በመጨረሻም ምርጥ ምርጡ ይገጣጠማል። ኳርቴት ሲሆን አራት ሰውና ድምፁን በወጉ የሚመልስ ጸጥ ያለ አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይበቃል። ደራሲዋ ኤልዛቤት ማኮንኪ ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የጻፈቻቸው አሥራ ሦስት ኳርቴቶች ለዚህ ዓይነቱ ቀረጻ ትልቅ ሀብት ናቸው።

ይህን ወጪ ሽያጭ ብቻውን አይሸፍነውም። ከመጋረጃው በስተጀርባ ያሉት ራሳቸው ደራስያኑ ናቸው። "ሽቅብ የምትበረው ወፍ" በሚለው ሥራው የሚታወቀው ራልፍ ቮን ዊልያምስ፣ ከመሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1956፣ የሥራዎቹ የቅጂ መብት ገቢ ሌሎች ደራስያንን እንዲደግፍ አደራ የሚያስፈጽም ድርጅት አቋቋመ። ጊፕስም ማኮንኪም ተማሪዎቹ ነበሩ። ደራሲው ጉስታቭ ሆልስት በ"ፕላኔቶቹ" ያፈራው ገንዘብም በሆልስት ፋውንዴሽን በኩል፣ ኮሊን ማቲውስ በ1989 ለጀመረው ኤንኤምሲ ለተባለው የበጎ አድራጎት አሳታሚ መነሻ ሆነ። ኤድዋርድ ኤልጋር በ1934 ሲሞት በረቂቅ የተወውን ሦስተኛ ሲምፎኒ አንቶኒ ፔይን አሟልቶት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረጻ ያወጣው ኤንኤምሲ ነው። ዝነኛው ሥራ ዝና ያጣውን ደገፈ ማለት ነው፤ በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ታሪክ ታላቅ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ይሁንና ይህ ምንጭ ዘላለማዊ አይደለም። የብሪታንያ ሕግ የቅጂ መብትን ደራሲው ከሞተ በኋላ ለሰባ ዓመት ስለሚጠብቅ፣ የቮን ዊልያምስ መብት በአገሩ በ2028 መጨረሻ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የአድማጩ ድርሻ የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ ከሆንክ ከጊፕስ አራተኛ ሲምፎኒ ጀምር። ከጣመህም ቀረጻውን ግዛ፤ የሚቀጥለው ሲምፎኒ ከሣጥኑ የሚወጣው ገዢ ሲኖር ነው።