የስደተኛው ሁለት ልሳናት በሐርጌሳ

ሐርጌሳ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1988 በዚያድ ባሬ ሠራዊት ከምድርም ከአየርም ተደብድባ በፈረሰች ጊዜ፣ ከሞት የተረፈው ሕዝቧ ልጁን አዝሎ አረጋዊውን ደግፎ ወሰን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ፣ ከሰፈረባቸውም ቦታዎች አንዱ የሆነው ሐርቲ ሼክ ከ250,000 የሚበልጡ ነፍሳትን ይዞ በጊዜው ከዓለም የስደተኛ መጠለያዎች ሁሉ ታላቁ እንደ ነበረ፣ እስከ 2004ም ድረስ እንዳልተዘጋ የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ በዚያችው ከተማ፣ በኮድቡርም ሆነ በሌሎቹ ሠፈሮች፣ ኢትዮጵያዊው በተራው መጻተኛ ሆኖ መኖሩን እንደ ተራ ወሬ ሊሰማው አይገባም።

ወደ ሐርጌሳ የሚደርሱት ወገኖቻችን ሁሉ በአንድ ምክንያት የመጡ አይደሉም። ከፊሎቹ በቶጎ ውጫሌ በኩል እንጀራ ፍለጋ ገብተው በቀን ሥራ፣ በግንበኝነት፣ በምግብ ቤትና በቤት ሠራተኛነት የሚያድሩ ናቸው፤ ከፊሎቹ ባሕር ለመሻገር አስበው በመንገድ የቀሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ አሳዳጅ ፈርተው ወጥተው ስማቸውን በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን ዘንድ ያስመዘገቡ ናቸው። ከ2015 ወዲህም ከየመን ጦርነት ሸሽተው በበርበራ ወደብ የገቡ የመናውያን ቤተ ሰቦች በከተማይቱ ስደተኞች ላይ ተጨምረዋል። ሕግ እነዚህን ሁሉ በየስማቸው ቢለያቸውም፣ እንግሊዝኛ ሊማር የሚሻው ከየወገኑ መጥቶ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣልና፣ ትምህርቱን የሚያዘጋጀው አስተባባሪ ድካም መምህር ከመፈለግ በፊት ይጀምራል።

በዚህ ከተማ እንግሊዝኛ ለምን ይፈለጋል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ሐርጌሳ ዋና ከተማዋ የሆነችላት ሶማሌላንድ እስከ 1960 ድረስ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንደ ነበረች፣ ልሳኑም ከገዢው ጋር እንዳልሄደ ያስታውስ። የመጀመሪያ ደረጃው ትምህርት በሶማልኛ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃው ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ከሐረርጌ ወይም ከወሎ የመጣ ሕፃን አንደኛ ክፍል ለመግባት ሶማልኛ ያስፈልገዋል፤ ስምንተኛን ፈጽሞ ለመሻገር ደግሞ እንግሊዝኛ ያስፈልገዋል። አባቱም ከደመወዝ ከፋዩ፣ ከቤት አከራዩና ከፖሊሱ ጋር የሚነጋገረው በሶማልኛ ሲሆን፣ በእርዳታ ድርጅቶች ቢሮ የሚፈርምበት ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ትምህርት ብቻውን አቁሞ ሶማልኛውን መተው፣ ለስደተኛው ግማሹን መንገድ ጠርጎ ግማሹን በእሾህ እንደ ማጠር ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱ ልሳናት በአንድ መርሐ ግብር፣ ቢቻልም በአንድ ማእከል ሊሰጡ ይገባል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር ከፊደል ይጀምራል። በአማርኛ ያደገው ተማሪ፣ ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የተማረ ከሆነ፣ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል፤ የግሥ እርባታውን በቃሉ ይወጣል፤ ለሰላምታ ግን አንደበቱ ይተሳሰራል። በኦሮምኛ የተማረው በ1991 የጸናውን ቁቤ ይዞ ይመጣል፤ ፊደላቱ የላቲን ስለ ሆኑ መምህሩ ሥራው የቀለለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ኤክስ የሚለውን ምልክት ቁቤ ጠ ብሎ ያነበዋል፣ ሲ የሚለውንም ጨ ይለዋል። ሶማልኛ ደግሞ ከ1972 ወዲህ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ኤክስን ለሐመሩ ሐ፣ ሲን ለዐይኑ ዐ አውሎታል፤ ይህ ሐ ከጉሮሮ የሚወጣው የጥንቱ ድምፅ ነው። እንግዲህ ወጣቱ በቤቱ አንዱን፣ በመንገድ ዳር ማስታወቂያ ሌላውን፣ በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛውን ድምፅ በአንድ ምልክት ላይ ሲያገኝ ቢደናገር ማን ይፈርድበታል? የመናዊውም ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ የለመደ እጁን መመለስ አለበት። ይህን ያላወቀ መምህር ብሩሁን ተማሪ ደንቆሮ ብሎ ይመዘግበዋልና፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለፊደልና ለድምፅ ብቻ ቢሰጡ ጊዜ ባከነ አይባልም።

ከፊደል ቀጥሎ የሰዓት ነገር አለ። የከተማይቱ ዕረፍት ዓርብ ነው፤ እሑድ ሰው ሁሉ ሥራው ላይ ይውላል። የቀን ሠራተኛው የሚያርፈው ዓርብ ከሆነ፣ ሙስሊሙ ተማሪ የጁምዓ ሶላት አለበትና ትምህርቱ ወይ ከማለዳ ወይ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መዋል አለበት፤ በረመዳን ደግሞ ሰዓቱ ሁሉ ይገለበጣል፤ ክርስቲያኑም ሰንበቱን በሥራ አሳልፎ በዓቢይ ጾም ደክሞ ይመጣል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በአሠሪዋ ቤት የምታድረው ሴት ናት። እርስዋን ወደ ትምህርት ለማምጣት መዝገብ ከፍቶ መጠበቅ አይበቃም፤ አስተባባሪው፣ ይልቁንም አስተባባሪዋ፣ ከአሠሪዋ ጋር በሶማልኛ ተነጋግራ ሁለት ሰዓት ማስፈቀድ አለባት። ልጅ ላላትም እናት ሕፃኑ የሚጠበቅበት ክፍል ካልተዘጋጀ፣ ስምዋ በመዝገቡ ሰፍሮ ወንበርዋ ባዶ ይውላል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። እንግሊዝኛ የቻለ ሰው ወደ ሦስተኛ አገር ቶሎ ይወሰዳል የሚል ወሬ ስደተኛ ባለበት ሁሉ ይነገራል፤ አንዳንዱም ትምህርት ሻጭ ይህን ወሬ ገበያው አድርጎታል። ከፍተኛው ኮሚሽን ግን አንድን ሰው ለሦስተኛ አገር ሠፈራ ሲያቀርብ የሚመዝነው የሕግና የአካል ጥበቃ ፍላጎቱን፣ የደረሰበትን ግፍ፣ የጤናውን ሁኔታ፣ የሴቲቱንና የሕፃኑን አደጋ፣ የቤተ ሰብን መለያየት ነው፤ የልሳን ችሎታ ከመመዘኛዎቹ አይቆጠርም። በዚህ ተስፋ የተታለለ ተማሪ የጥሪው ስልክ ሳይደወል ሲቀር ትምህርቱንም ጥሎ ይሄዳል።

የትምህርቱን አሠራር ከሩቅ መበደር አያስፈልግም። በአብነት ትምህርት ቤታችን ደቀ መዝሙር በዕድሜው ሳይሆን በደረሰበት ይቆማል፤ ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቆጥረው ያስቀጽላል፤ መምህሩም ለሁሉም መድረስ ባይችል እንኳ ጉባኤው አይፈታም። በሐርጌሳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ጡብ የሚሸከም ወጣት አለ፤ እርሱን ለጀማሪዎቹ አስቀጻይ አድርጎ ጥቂት አበል መስጠት ከውጭ መምህር ከማስመጣት ይረክሳል፣ ይጸናልም። በአዲስ አበባ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት ማእከል ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ስደተኞች እንግሊዝኛን ከቤተ መጻሕፍትና ከኮምፒዩተር ትምህርት ጋር አጣምሮ መስጠቱ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽንም በስደተኞች ትምህርት መሰማራቱ፣ እኛ ለሌሎች ያደረግነው ለራሳችን ልጆች ሊጠየቅ እንደሚችል ያሳያል።

የቀረው የምስክር ወረቀቱ ጉዳይ ነው። ተማሪው ወራት ተምሮ የሚቀበለው ወረቀት በአንድ ድርጅት ማኅተም ብቻ የወጣ ከሆነ፣ የድርጅቱ በጀት ባለቀ ጊዜ ዋጋው አብሮ ያልቃል፤ ትምህርት ቤትም ሆነ ቀጣሪ አያውቀውም። ስለዚህ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ሽማግሎችና እርዳታ ሰጪዎቹ አስቀድመው ከሶማሌላንድ ትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተቀምጠው፣ ደረጃዎቹን ከአገሩ የትምህርት ክፍሎች ጋር አመዛዝነው፣ የማጠቃለያ ፈተናው በሚኒስቴሩ ተመልካች ፊት እንዲሰጥ፣ የሶማልኛውም ውጤት በዚያው ወረቀት ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን እንዲጻፍ ሊስማሙ ይገባል። ይህ ስምምነት ወንበር ከመገዛቱና ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት መፈረም ያለበት ነው።