ለቆጣሪው ሁለት ክንድ ቦታ ይተዉ

በደባርቅና በዳባት እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የቤት ሥራ ይጀመራል። አንዱ ጭቃ ያስመርጋል። ሌላው የሣር ክዳኑን አንሥቶ ቆርቆሮ ይመታል። አቅም ያለው ደግሞ ከቤቱ ፊት በረንዳ ያወጣል። በረንዳ ጥሩ ነገር ነው። እንግዳ ይቀመጥበታል፤ ብቅል ይሰጣበታል፤ የስሜን ብርድም እንደ ልቡ በር ላይ አይመታም።

ነገር ግን ቤትዎ መብራት የገባለት ከሆነ፣ ምሰሶ ከመትከልዎ በፊት ቀና ብለው ይመልከቱ። ሽቦው በየት በኩል ይገባል? ቆጣሪውስ የት ተሰቅሏል?

አንድ ገበሬ በረንዳ አሠራ እንበል። አናጢው፣ «ወንድሜ፣ ይህ ቆጣሪ አስቸገረን፤ ምን እናድርገው?» ብሎ ጠየቀ። ገበሬውም፣ «ግድ የለም፣ በሳንቃ ከልለው» አለ። ቆጣሪውና ማጥፊያው ተከለሉ። ከፊታቸውም የእህል ጆንያ ተደረደረ። ክረምት ገባ። አንድ ሌሊት ሽቦው ግሎ ይጨስ ጀመር። ማጥፊያው ከጆንያው ኋላ፣ ከሳንቃው ውስጥ ነው። በጨለማ ቢዳብስ እጁ አልደረሰም። ይህ ቤት ቢቃጠል ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ ነው?

የአሜሪካ አገር የኤሌክትሪክ ደንብ ከማጥፊያው ሣጥን ፊት 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ እንዲተው ያዛል። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ክንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ክንድ ይተዉ። ቦታው ሰው ሳይጠብበት ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ይሁን። የጆንያ፣ የማገዶ ወይም የቀንበር ማኖሪያ አይደለም።

ከቆጣሪው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ግን ከላይ ያለው ሽቦ ነው። ሽቦው ሲዘረጋ እጅ እንዳይደርስበት ሆኖ ነበር። አሁን በረንዳው በድንጋይ አንድ ሜትር ከፍ ካለ፣ በላዩ የሚቆመው ሰው ወደ ሽቦው አንድ ሜትር ቀረበ ማለት ነው። ልብስ የምታሰጣውም፣ በትር ይዞ የሚጫወተው ልጅም እንዲሁ። ያው ደንብ ሽቦው ሰው ከሚቆምበት ወለል ቢያንስ 3 ሜትር፣ ማለት ስድስት ክንድ ከፍ እንዲል ይላል።

የቆርቆሮው ነገር ደግሞ አለ። የበረንዳው ክዳን ሽቦውን ከነካ፣ ከሊማሊሞ በኩል የሚነሣው ነፋስ ሽቦውን በቆርቆሮው ስለት ላይ ሲፈገፍገው ይከርማል። ልባሱ ይላጣል። ያን ጊዜ ክዳኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ዝናብ ሲጥል ግድግዳው ስለሚርስ አደጋው ይብሳል። ከቤተሰቡ አንዱ «ቆርቆሮው ነዘረኝ» ካለ እንደ ቀልድ አይለፉት። ይህ ሽቦ ከማጥፊያው በፊት ያለ ስለሆነ ማጥፊያውን ማጥፋት አያድንም። ብረት ሳትነኩ ሁላችሁም ከቤት ውጡ፤ መስመሩ እንዲቋረጥም ወዲያው አመልክቱ።

«እንጨት አይነዝርም» የሚሉ አሉ። ደረቅ እንጨት ሲሆን ነው እንጂ፣ ትናንት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ወራጅ ሲያነሡ ጫፉ ወዴት እንደሚሄድ አንድ ሰው ቆሞ ይይ። ፌሮ የሚያነሣማ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ አንዱ ፌሮ 12 ሜትር ይረዝማል። 15 ሺህ ቮልት የሚያሳልፈው ትልቁ መስመር ልባስ የለውም። ሳይነኩትም በጣም ከቀረቡት ዘልሎ ይይዛል። ከእርሱ ሥር በረንዳም ቢሆን ጎተራ አይሠራም።

ሽቦው ወይም ቆጣሪው ከቦታው መነሣት ካለበት፣ እርስዎም አናጢውም አይንኩት። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ማመልከት ያለብዎ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ነው። ምሰሶው ከተተከለ በኋላ ማን ያፈርሰዋል?

ሰው በቤት ሽቦ ከተያዘ ሮጠው አይያዙት፤ እርስዎንም ይይዛል። መጀመሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ። ካልሆነ ደረቅ ነገር ላይ ቆመው፣ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው ያርቁ። የተበጠሰው የትልቁ መስመር ሽቦ ከሆነ ግን በእንጨትም አይጠጉት። ሰውንም ከብቱንም ቢያንስ ሃያ ክንድ አርቀው፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ይጠብቁ።