ሲሚንቶ የለበሰ ግቢም ጎመን ያበቅላል

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ግቢው ብዙውን ጊዜ ሲሚንቶ ይለብሳል፤ አለዚያ ኮብልስቶን ይነጠፍበታል። ጭቃው ይቀራል፤ ከጭቃው ጋር ግን የጓሮው ጎመንና ጤና አዳምም አብረው ይቀራሉ። ጎመኑን ለመመለስ ወለሉን ማፍረስ አያስፈልግም፤ በላዩ ላይ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይበቃል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ሲሚንቶ ላይ ሥር ወደ ታች አይወርድም፤ ውሃም አይሰርግም። የቀረው ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ጥልቀት

መሬት ላይ የተሠራ መደብ ዝቅ ያለ ቢሆንም ሥሩ ከታች ያለውን አፈር ያገኛል። ሲሚንቶ ላይ ግን ተክሉ ያለው እርስዎ የሞሉለት አፈር ብቻ ነው። ለሰላጣና ለቆስጣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለካሮት፣ ለቃሪያና ለቲማቲም 35 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያድርጉት።

ግንባታ

ቀላሉ መንገድ ብሎኬት መደርደር ነው። 40 በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት በሁለት ረድፍ ቢደረድሩ 32 ፍሬ ይበቃዎታል። መደቡ በውጭ 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ20፣ በውስጥ ደግሞ 2 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስፋቱ ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከሁለቱም በኩል እጅዎ መሃሉ ድረስ መድረስ አለበት፤ አለዚያ አፈሩን መርገጥ ይመጣል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠጥራል። በብሎኬቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አፈር ሞልተው ጦስኝና በሶብላ ሊተክሉባቸው ይችላሉ። ጣውላ ከመረጡ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ዘይቱ ወደ አፈሩ ይገባል።

የውሃ መውጫ

ብዙ መደብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ከታች ሲተኛ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ከመገንባትዎ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሰው ወዴት እንደሚወርድ ይመልከቱ። በዚያ በኩል በታችኛው ረድፍ ብሎኬቶች መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ፤ አፈሩ እንዳይወጣ ከውስጥ በጠጠር ይከልሉት። ወለሉ ላይ ላስቲክ አያንጥፉ። ከታች ወፍራም ጠጠር መሙላትም አይጠቅምም፤ የአፈሩን ጥልቀት ይቀንሳል እንጂ ውሃውን አያፈጥነውም። ኮብልስቶን ላይ ግን በድንጋዮቹ መካከል ጥቂት ውሃ ስለሚሰርግ ሥራው ይቀላል። መደቡን ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያርቁት፤ እርጥበቱ ግድግዳውን ይጎዳል።

አፈር

ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይደባልቁ። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ከጋራዥ አካባቢ ወይም ከተበከለ ወንዝ ዳር አፈር አያስመጡ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስ ያሉ ጎጂ ብረቶች አግኝተዋል፤ በራስዎ ግቢ የማልማት አንዱ ጥቅምም አፈሩንና ውሃውን ማወቅዎ ነው።

ክብደቱንም ያስቡ። ይህ መደብ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሞላ ከግማሽ ሜትር ኩብ በላይ አፈር ይይዛል፤ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ብሎኬቱን ሳይጨምር 8 ኩንታል ያህል ሊመዝን ይችላል። መሬት ላይ ያረፈ ወለል ይችለዋል፤ ሰገነትና ጣሪያ ላይ ግን መሐንዲስ ሳያማክሩ አይሥሩ።

እንክብካቤ

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። ሲሚንቶ ሙቀት ስለሚይዝ መደቡ ከመሬቱ ፈጥኖ ይደርቃል፤ በበጋ ጠዋት ጠዋት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ አስገብተው ይፈትሹና ከደረቀ ያጠጡ። ላዩን በገለባ ወይም በደረቀ ሣር ቢሸፍኑት እርጥበቱ ይቆያል። ክረምት ሲገባ የውሃ መውጫዎቹ እንዳልተደፈኑ ይመልከቱ። አፈሩ እየተቀመጠ ዝቅ ስለሚል በየዓመቱ ኮምፖስት ይጨምሩበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቆስጣ ይዝሩ። የውጭ የውጩን ቅጠል እየቆረጡ መሃሉን ከተዉት ለወራት ይሰጣል። በአንድ መደብ ይጀምሩ፤ የውሃውን ጠባይ ሲያውቁ ሁለተኛውን ይጨምሩ።